ሲኒየር ኤሴይ ለምን ይቅር? “የመመረቂያ ጥናትም ኤች.ዲ.ፒ.ም ይሰረዙ” ለሚል ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ዘንድ የተዘዋወረ አንድ ጽሑፍ ሁለት ነገሮች እንዲሰረዙ ይጠይቃል። አንደኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሊመረቁ ሲሉ የሚሠሩት ጥናት ነው፤ ሲኒየር ኤሴይ፣ ሲኒየር ፕሮጀክት ወይም በአጭሩ “ሪሰርች” የምንለው። ሁለተኛው መምህራን የማስተማር ችሎታቸውን እንዲያሻሽሉ የሚወስዱት የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ ኤች.ዲ.ፒ. ነው። ጽሑፉ ስድስት ምክንያቶች አሉት፦ ጥናቶቹ የተቀዱ ወይም የተገዙ ናቸው፤ ከጤናና ከተፈጥሮ ሳይንስ ውጭ ትርጉም የላቸውም፤ በጀትም በቂ አማካሪም የለም፤ የመውጫ ፈተናው ይበቃል፤ ምርምር የስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎችና የድኅረ ምረቃ ሥራ ነው፤ ኤች.ዲ.ፒ. ደግሞ ፎርም መሙላት ሆኖ ቀርቷል።

ጸሐፊው ካዩት ችግር አብዛኛው እውነት ነው። ስህተቱ ያለው ሁለቱን ነገሮች ለያይተው ማየታቸው ላይ ነው። ተማሪው ጥናት መሥራት ያቃተው፣ የሚያማክረው መምህር ጥናት እንዴት እንደሚመራ ማንም አሳይቶት ስለማያውቅ ነው። አንዱን ሳይጠግኑ ሌላውን መጠገን አይቻልም፤ ሁለቱንም መሰረዝ ደግሞ ችግሩን ከዓይን ያርቃል እንጂ አይፈታውም። ስድስቱንም ነጥቦች እንያቸው።

ስለ መቅዳትና መግዛት

በግቢ ዙሪያ ባሉ ኮፒ ቤቶች ግድግዳና በቴሌግራም ላይ “ሪሰርች እንሠራለን፣ ዳታ እንተነትናለን” የሚሉ ማስታወቂያዎች እንዳሉ ጸሐፊው ያነሳሉ። አሉ። ግን ገበያው ላይ የሚሸጠው ምንድን ነው? የተጠረዘ ሰነድ ነው። የሚሸጠውም ውጤት የሚሰጠው ለሰነዱ ብቻ ስለሆነ ነው። በብዙ ትምህርት ክፍሎች ያለው አካሄድ የታወቀ ነው። ተማሪው በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፕሮፖዛል ያስገባል፤ አማካሪው የፊደል፣ የኅዳግና የማጣቀሻ እርማት አድርጎ ይመልስለታል፤ ከዚያ ተማሪው ይጠፋል። በሰኔ አምስት ምዕራፍ ያለው ጥራዝ ይዞ ብቅ ይላል፣ ጥናቱን በመምህራን ፊት እያስረዳ አሥራ አምስት ደቂቃ ዲፌንስ ያደርጋል፣ ግሬዱን ይዞ ይሄዳል። በመካከል ያለው ጊዜ፣ ማለትም ጥናቱ ራሱ፣ ማንም ሳያየው ያልፋል።

ነጥቡ በሂደቱ ላይ ቢበተን ገበያው ይዳከማል። ከ100 ነጥብ ለመጨረሻው ጥራዝ 30 ብቻ ይቅርለት። ለአንድ ገጽ የጥናት ጥያቄ 5፤ ለአምስት ንባቦች ማስታወሻ 10፣ እያንዳንዱ ሐሳብ የተወሰደበት ገጽ ተጠቅሶ፤ በጥቂት ሰዎች ወይም ናሙናዎች ላይ ተሞክሮ ለተስተካከለ መጠይቅ ወይም መለኪያ 10፣ ምን እንደተቀየረና ለምን እንደተቀየረ ከሚገልጽ ወረቀት ጋር፤ ለመስክ ደብተርና ለጥሬ መረጃ 20፤ በመካከል ለሚደረግ የአምስት ደቂቃ ገለጻ 5፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ለሚደረግ የቃል ፈተና 20። ጥራዝ የሚጽፍ ሰው በአንድ ሳምንት ይገኛል። ከኅዳር እስከ ግንቦት በየደረጃው የሚቀርብ፣ ጥያቄ የሚመልስና የሜዳ ደብተር የሚይዝ ምትክ ሰው መቅጠር ግን ለአብዛኛው ተማሪ ከራሱ ሥራ የበለጠ ይከብደዋል።

ጥሬ መረጃን መመርመር አማካሪዎች በብዛት የሚዘሉት፣ ግን ከሁሉ የበለጠ ፍሬ ያለው ሥራ ነው። ከተሞሉት መጠይቆች አምስቱን በዘፈቀደ መዝዞ ኮምፒውተር ላይ ከገባው ቁጥር ጋር ማስተያየት ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። የተፈጠረ መረጃ ራሱን ያጋልጣል። መጠይቁ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ተሞልቶ ይገኛል፤ ያልተመለሰ ጥያቄ አንድም የለም፤ ገበያ መሀል ተሞላ የተባለ ወረቀት አልታጠፈም፣ አልቆሸሸም፤ “በጣም እስማማለሁ” የሚለው ምልክት ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሆን ተብሎ እንዲቃረኑ የተቀመጡ ሁለት ጥያቄዎች አንድ ዓይነት መልስ ያገኛሉ። መረጃው በስልክ፣ ለምሳሌ በኮቦ ቱልቦክስ፣ የተሰበሰበ ከሆነ እያንዳንዱ ቅጽ የተከፈተበትና የተዘጋበት ሰዓት እንዲመዘገብ ማድረግ ይቻላል። 25 ደቂቃ የሚፈጅ መጠይቅ በ2 ደቂቃ ካለቀ ተማሪውን ጠርቶ ማነጋገር ነው። አማካሪው ጥሬ መረጃውን እንደሚያይ ተማሪው ከመጀመሪያው ካወቀ ፈጠራው ራሱ ይቀንሳል።

የቅጂ መመርመሪያ ሶፍትዌር ችግሩን አልፈታም ማለታቸው ልክ ነው። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው በኢንተርኔት ወይም በራሱ ቋት ውስጥ ያለውን ነው። በሌላ ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ ጥራዝ፣ ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ምዕራፍ፣ በክፍያ አዲስ የተጻፈ ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያቀናበረው ገጽ ያመልጠዋል። ለዚህም ነው ክብደቱ ወደ ሂደቱ መዞር ያለበት። ከዚያ በተጨማሪ በአንድ መስክ ያሉ ትምህርት ክፍሎች በየዓመቱ የተሠሩትን ጥናቶች ርዕስ፣ ቦታና አጭር መግለጫ በአንድ የጋራ ሠንጠረዥ ቢያሰፍሩ፣ አንድ ጥናት የከተማ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ መዞሩን ለመያዝ ይረዳል። ወጪው የአንድ ሰው የጥቂት ቀናት ሥራ ነው።

ጥናት ለሁሉም ትምህርት አይሆንም ስለሚለው

ይህ ነጥብ የራሳችንን ታሪክ የዘነጋ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገና ጨቅላ በነበረበት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኤትኖሎጂካል ሶሳይቲ የሚባል ማኅበር ነበረው። ተማሪዎች የየአካባቢያቸውን ባህልና ልማድ እየጻፉ በማኅበሩ ቡሌቲን ያሳትሙ ነበር፤ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እንኳ ገና አልያዙም። ቆይቶም የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች የጻፏቸው የባችለር ጥናቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጡ፣ ዛሬ የአገሪቱን ታሪክ የሚጽፉ ምሁራን በግርጌ ማስታወሻቸው ይጠቅሷቸዋል። ስለ አንድ ከተማ አመሠራረት ወይም ስለ አንድ አውራጃ አስተዳደር ሃያ ሽማግሌዎችን ጠይቆ የጻፈ ተማሪ፣ ሽማግሌዎቹ ካለፉ በኋላ ሥራው ራሱ ምንጭ ሆኗል። እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት ያለ ላቦራቶሪና ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሳይኖር ነው።

ሰብአዊና ማኅበራዊ ሳይንስ ላይ የደረሰው ጉዳት ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፦ ሁሉም መስክ በአንድ ቅርጽ እንዲጽፍ ተገደደ። መግቢያ፣ የንባብ ዳሰሳ፣ ዘዴ፣ ትንተና፣ ማጠቃለያ የሚለው አምስት ምዕራፍ የመጠይቅ ጥናት ልብስ ነው። የሕግ ተማሪም፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪም፣ የሒሳብ ተማሪም ያንኑ እንዲለብሱ ተደረገ፤ ከዚያ ልብሱ ስላልበቃቸው “ጥናት አይሆንላቸውም” ተባለ። እያንዳንዱ መስክ የራሱ የሆነ፣ በአንድ መንፈቀ ዓመት የሚያልቅ ጥናት አለው።

የሕግ ተማሪ፣ ከፍርድ ቤቱ ፈቃድ አግኝቶና የተከራካሪዎችን ስም አውጥቶ፣ 60 የተዘጉ የፍትሐ ብሔር መዝገቦችን ሊያነብ ይችላል። በእያንዳንዱ መዝገብ ስንት ቀጠሮ እንደተሰጠ፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነ፣ የትኛው ምክንያት በሕጉ የተደገፈ እንደሆነ በሠንጠረዥ ያሰፍራል። መጠይቅ አያስፈልገውም። እዚህ ላይ የሚበላሸው ተማሪው መዝገቦቹን በመዝገብ ቤት ሠራተኛው ሲያስመርጥ ነው፤ የሚወጡለት ለማግኘት የቀለሉት ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ ከመዝገብ መቁጠሪያው ላይ በየአሥረኛው ወይም በየሃያኛው እየቆጠረ ራሱ መምረጥ አለበት።

የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የአንድ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበርን መጋዘን ይዞ፣ 30 የዕቃ ዓይነቶችን መርጦ፣ በቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ካርድ) ላይ ያለውን ቀሪ ከአካላዊ ቆጠራ ጋር ያስተያያል። ልዩነት የተገኘበትን እያንዳንዱን ዕቃ ከገቢና ከወጪ ደረሰኞች ጋር እያመሳከረ ስህተቱ የት እንደገባ ይከታተላል። በዚህ ሥራ ስለ ውስጥ ቁጥጥር የሚማረው ነገር “የውስጥ ቁጥጥር በድርጅት አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ” በሚል ርዕስ 200 መጠይቅ ከመበተን የሚበልጥ ነው።

የሲቪል ምህንድስና ተማሪ በከተማው የግንባታ ቦታዎች የሚራገፈውን አሸዋ ከአራት ወይም ከአምስት ምንጮች ሰብስቦ የደለል መጠኑን ይለካል። መሠረታዊው ዘዴ የመለኪያ ሲሊንደር፣ ውሃ፣ ጥቂት ጨውና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አናውጦ ሦስት ሰዓት አስቀምጦ ከላይ የተኛውን የደለል ንብርብር ከታች ካለው አሸዋ ጋር በመቶኛ ማስላት ነው። የኢትዮጵያ ደረጃ ከ6 በመቶ በላይ ደለል ያለው አሸዋ እንዲታጠብ ወይም እንዲጣል ይመክራል። ከእያንዳንዱ ምንጭ አንድ ናሙና ብቻ መውሰድ የተለመደ ስህተት ነው። ከክምሩ አናት፣ መሀልና ግርጌ ተወስዶ ካልተቀላቀለ ውጤቱ የአሸዋውን ሳይሆን የአካፋውን ዕድል ይነግረናል። ከታጠበውና ካልታጠበው አሸዋ 150 ሚሊ ሜትር ጎን ያላቸው የኮንክሪት ኪዩቦች ሠርቶ በ7ና በ28 ቀን ቢሰብራቸው ጥናቱ ሙሉ ይሆናል። ለዚህም የ28 ቀኑ ፈተና ከዲፌንስ በፊት እንዲደርስ ኪዩቡ ቢዘገይ በሚያዝያ መጀመሪያ መሞላት አለበት። ብዙ ፕሮጀክት በዚህ የቀን ስሌት ብቻ ይበላሻል።

ሒሳብ ላይ ለጸሐፊው ግማሽ መንገድ እንሄድላቸዋለን። በመጀመሪያ ዲግሪ አዲስ ቲዎረም መጠበቅ ተገቢ አይደለም። ግን አንድ የታወቀ ማስረጃ ወስዶ፣ በመጽሐፉ “ግልጽ ነው” ተብሎ የታለፈውን እያንዳንዱን እርምጃ ሞልቶ፣ ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ ሲነሳ ማስረጃው የት ላይ እንደሚፈርስ በራሱ ምሳሌ ማሳየት ትክክለኛ የሒሳብ ሥራ ነው።

የተለያዩ መስኮችን በአንድ ጉዳይ ላይ ማገናኘትም እዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን በጤና ጣቢያ ያሠለጥን ነበር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ከተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም የወረሰውን ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ይዞ፣ ከተለያዩ ትምህርት ክፍሎች የመጡ ተማሪዎችን በአንድነት ያሰማራል፤ የተማሪዎች የምርምር ፕሮግራምም የዚሁ አካል ነው። ከጤና ውጭም ይሠራል። በአንድ ከተማ የውሃ አቅርቦት ላይ ከሲቪል ምህንድስና፣ ከኢኮኖሚክስ፣ ከሶሲዮሎጂና ከጂኦግራፊ አንድ አንድ ተማሪ ተመድቦ፣ 60 ቤተሰቦችን በአንድ የናሙና ዝርዝር በጋራ ይጎበኛሉ። እንዲህ ያለው ሥራ የሚፈርሰው ግሬዱን የትኛው ትምህርት ክፍል እንደሚሰጥ ሳይወሰን ሲቀር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መረጃው የጋራ፣ ጥያቄውና ጽሑፉ የየግል፤ እያንዳንዱ በራሱ ትምህርት ክፍል ይመዘናል።

በጀትና አማካሪ የለም ስለሚለው

የገንዘብ እጥረቱን አንክድም። ማተሚያ፣ ትራንስፖርትና ኢንተርኔት ገንዘብ ይፈልጋሉ። ሆኖም የተማሪ ጥናት ውድ የሚሆንበት ዋናው ምክንያት የናሙና ስሌቱ ነው። ተማሪው ፎርሙላውን ከቀደመው ዓመት ጥራዝ ይገለብጣል፤ 95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 5 በመቶ የስህተት ወሰን ይላል፤ 384 ሰው ይወጣል። ለአንድ ሰው 25 ደቂቃ ቢፈጅ 160 ሰዓት ነው። ለአንድ ተማሪ በአምስት ሳምንት፣ ከሌላ ትምህርት ጋር፣ የማይቻል ነው። ስለዚህ 100 ያህሉን ይሞላና ቀሪውን ማታ ዶርም ውስጥ ይጨርሳል። ፈጠራውን ያመጣው የተማሪው ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ፕሮፖዛሉን ያጸደቀው ኮሚቴም አለበት።

የስህተት ወሰኑ 10 በመቶ ቢሆን በዚያው ስሌት የሚያስፈልገው 96 ሰው ነው። ያም 40 ሰዓት፣ ለአራት ተማሪዎች ቡድን ደግሞ ለአንዱ 10 ሰዓት ይሆናል። ይህ ግን የሚያሳጣው ነገር አለ፤ በሁለት ቡድኖች መካከል ያለ ትንሽ ልዩነት በ96 ሰው አይታይም፣ ስለዚህ ርዕሱ “ምን ያህሉ ሰው” ብሎ ይጠይቅ እንጂ “የእከሌ ተጽዕኖ በእከሌ ላይ” አይበል። ሌላም ነገር አለ። ፎርሙላው የሚሠራው ሰዎቹ ከሙሉ ዝርዝር በዕጣ ከተመረጡ ብቻ ነው። ከበር ላይ ያገኘውን ሁሉ ጠይቆ ስሌቱን መጥቀስ ትርጉም የለውም። ዝርዝር ከሌለ 12 ሰዎችን በጥልቀት ማነጋገርና ይህንኑ በግልጽ መጻፍ ይሻላል።

ከዚህም ሌላ ያለ ክፍያ የሚገኝ ብዙ መረጃ አለ። የላንድሳት የሳተላይት ምስሎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ይገኛሉ፤ የሴንቲኔል 2 ምስሎች እስከ 10 ሜትር ዝርዝር ያሳያሉ፤ ቺርፕስ የተባለው የዝናብ መረጃ ከ1981 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ኢኮኖሚና ማኅበራዊ ዳሰሳ መረጃ በዓለም ባንክ የመረጃ ቋት ይገኛል። ለስታቲስቲክስ አር፣ ለካርታ ኪው.ጂ.አይ.ኤስ.፣ ለማጣቀሻ ዞቴሮ የተባሉት ሶፍትዌሮች ነጻ ናቸው፤ ቫይረስ ያለበት የተሰረቀ ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. በፍላሽ ማዞር አያስፈልግም። የተዘጋጀ መረጃ ላይ የሚሠራ ተማሪ መንገድ ሳይወጣ እውነተኛ፣ የተዝረከረከ፣ የጎደለ ቁጥር ያለበት መረጃ ይገጥመዋል፤ ያንን ማጽዳት ራሱ ትምህርት ነው።

ትልቅ ግኝት ትልቅ መሣሪያ ብቻ እንደማይፈልግም ከኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ከአክሊሉ ለማ ሥራ እናያለን። በ1964 እ.ኤ.አ. ወጣት ተመራማሪ ሳሉ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አስተዋሉ። የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ሞክረው ግምታቸውን አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ የመጣው ረጅም የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው እርምጃ ግን አስተዋይ ዓይንና አንድ ዕቃ ውሃ ነበር። ተማሪን ማስተማር የምንችለው ይህንን የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

አማካሪ ስለማነሱ፦ 12 ተማሪ የተመደበለት መምህር ለእያንዳንዱ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ቢሰጥ 6 ሰዓት ይሆናል። አራት አራት ሆነው በሦስት ቡድን ቢመጡ፣ ለቡድን አንድ ሰዓት፣ 3 ሰዓት ይበቃል። በዚያ ሰዓት እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ይዞ ይመጣና 10 ደቂቃ ይወስዳል፣ መጀመሪያ አስተያየት የሚሰጡት ጓደኞቹ ናቸው፣ የቀረው 20 ደቂቃ ለሁሉም ያስቸገረ አንድ ጉዳይ ይውላል። በቡድን ሥራ የሚታወቀው በሽታ አንዱ ሠርቶ ሦስቱ መፈረማቸው ነው። ማን የትኛውን ቀን ምን እንደሠራ በደብተሩ ላይ መመዝገብና ቀደም ሲል ያነሳነው የግል የቃል ፈተና ለዚህ ናቸው። በቃል ፈተናው “ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው? ጥሬ መረጃው ላይ አሳየኝ” የሚለው አንድ ጥያቄ ብዙ ነገር ይገልጣል።

ጸሐፊው ያልነኩት ግን ከበጀት ይልቅ ጥናትን የሚያጓትት ነገር የሥነ ምግባር ፈቃድ ነው። የትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ የሥነ ምግባር ፈቃድ አይደለም። ሕፃናትን፣ ታማሚዎችን ወይም ተፈናቃዮችን የሚመለከት ጥናት በገምጋሚ ቦርድ ማለፍ አለበት፤ ፈቃዱ ሲወጣ መንፈቀ ዓመቱ አልቆ ይገኛል። ትምህርት ክፍሉ ዝቅተኛ ስጋት ላላቸው ርዕሶች አንድ የጋራ ፕሮቶኮል በክረምት አስገምግሞ ቢጠብቅ፣ ተማሪዎቹ በዚያ ጥላ ሥር በኅዳር መጀመር ይችላሉ። ከዚያ ለወጣ ርዕስ ግን ጊዜው እንደማይበቃ በመጀመሪያው ቀን መንገር ያስፈልጋል።

የመውጫ ፈተናው ይበቃል ስለሚለው

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በሁሉም የትምህርት መስኮች የተጀመረው የመውጫ ፈተና አስፈላጊ ነው፤ ይህን አንቃወምም። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ አማራጭ የቀረበበት፣ 50 በመቶ ማለፊያ ያለው ነው። ተማሪው የመስኩን መሠረታዊ እውቀት መያዙን ይለካል። አማራጭ ያልቀረበለትን ጥያቄ ራሱ ማንሳት መቻሉን፣ ቁጥሮቹ ሲጋጩ ምን እንደሚያደርግ፣ “አላውቅም፣ ለማወቅ ግን ይህን ማድረግ ያስፈልጋል” ማለት መቻሉን ሊለካ አይችልም። የሚቀጥረው መሥሪያ ቤት ከእነዚህ ሁሉ ጋር ያጋፍጠዋል።

እውነተኛው ግጭት ያለው የጊዜ ሰሌዳው ላይ ነው። የመጨረሻው መንፈቀ ዓመት በቲቶሪያልና በሞዴል ፈተና ይያዛል፣ ጥናቱም የሚሠራው በዚያው ጊዜ ነው፤ ተማሪው አንዱን መጣል ካለበት ካላለፈው የማይመረቅበትን ፈተና አይጥልም። ስለዚህ ጥናቱ ቀደም ብሎ ይጀመር። ጥያቄውና ፕሮፖዛሉ በሦስተኛ ዓመት ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት ይለቅ፣ መረጃው በክረምት ተማሪው ወደ አካባቢው ሲመለስ ይሰብሰብ፣ ጽሑፉና ዲፌንሱ በአራተኛው ዓመት የመጀመሪያ መንፈቀ ዓመት ይጠናቀቅ። የክረምቱ ወር ለግብርና፣ ለቋንቋ፣ ለታሪክና ለጤና ተማሪዎች የትራንስፖርት ወጪውንም ያስቀራል።

የስምንቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ነው ስለሚለው

ዩኒቨርሲቲዎች በተልዕኮ ሲለዩ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌና አርባ ምንጭ የምርምር ተብለዋል። ይህ ግን ሌሎቹ አይመራመሩም ማለት አይደለም፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ምርምርን ለአንድ ምድብ ብቻ አልሰጠም። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግቢው በር ላይ እንሰትና የእንሰት አጠውልግ በሽታ አለው። በሽታው በተበከለ ቢላ ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል፤ ስንት ገበሬ ቢላውን በእሳት እንደሚያጸዳ በአራት ቀበሌ ማጣራት ማንም ሩቅ ያለ ተቋም የማይቀድመው ጥናት ነው። የሠመራ ተማሪ ጨውና ግመል አለው። ምርምር የድኅረ ምረቃ ነው ለሚለውም፣ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ከመምህራን ጋር የሚያሠራ ፕሮግራም እንዳለው ማስታወስ ይበቃል። ጥያቄ ቀርጾ የማያውቅ ሰው ማስተርስ ሲገባ በድንገት መቅረጽ አይችልም።

ስለ ኤች.ዲ.ፒ.

ጸሐፊው በጣም የተቆጡበት ነጥብ ይህ ነው፤ ቁጣቸውም መሠረት አለው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ቪ.ኤስ.ኦ. በተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በጎ ፈቃደኞች ድጋፍ ለመምህራን አሠልጣኞች ተብሎ ተጀምሮ ወደ ሌሎች የዩኒቨርሲቲ መምህራን ተስፋፋ። ከመደበኛ ሥራ ጎን ለጎን አንድ ዓመት ይወስዳል፤ በራስ አሠራር ላይ ማሰላሰልን፣ አሳታፊ ትምህርትን፣ ተከታታይ ምዘናንና የተግባር ምርምርን ያካትታል፤ በፖርትፎሊዮ ይጠናቀቃል። ፖርትፎሊዮው ካለፈው ዓመት ሠልጣኝ በፍላሽ እንደሚገለበጥ፣ የሕግ መምህሩና የኬሚስትሪ መምህሩ በአንድ ፍሊፕ ቻርት ላይ ለሁለቱም የማይጠቅም ነገር እንደሚጽፉ ጸሐፊው ይናገራሉ። እውነት ነው። የተማሪው ጥናት ለምን እንደሚገለበጥ ካየነው ጋር ምክንያቱ አንድ ነው፦ የሚታየው የመጨረሻው ሰነድ ብቻ ነው።

ግን ከዚህ ተነሥተው “መስኩን የሚያውቅ መምህር ማስተማርም ያውቃል” ማለታቸው አያስኬድም። አንድ ወጣት ሌክቸረር ከማስተርስ እንደተመለሰ አሥር ተመራቂ ተማሪ ይሰጠዋል። ማማከር ሲባል የሚያውቀው የራሱን አማካሪ ብቻ ነው፤ አማካሪው ፊደል ያርም ከነበረ እሱም ፊደል ያርማል። በየትኛውም ኮርስ ላይ ስለ ማማከር አልተማረም። ይህን ክፍተት የሚሞላ መድረክ ኤች.ዲ.ፒ. ካልሆነ ሌላ መፍጠር ሊኖርብን ነው።

ስለዚህ የተግባር ምርምሩ ክፍል በማማከር ሥራው ላይ ይተከል። አንድ ሠልጣኝ መምህር ካረማቸው ረቂቆች አሥሩን ያወጣል። ኅዳግ ላይ የጻፋቸውን አስተያየቶች ሁሉ ቆጥሮ በሦስት ይከፍላል፦ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ቅርጽ፣ ስለ ጥያቄና ዘዴ። ቀጥሎ ተማሪው በሚቀጥለው ረቂቅ የትኞቹን እንዳስተካከለ ይመለከታል። በሁለተኛው ዙር ግማሾቹን ተማሪዎች በጽሑፍ፣ ግማሾቹን በአሥር ደቂቃ የቃል ውይይት አስተያየት ሰጥቶ ያስተያያል። አሥር ረቂቅ ስለ ዓለም ምንም አያረጋግጥም፤ መምህሩ ስለ ራሱ አስተያየት ግን የማያውቀውን ይነግረዋል፣ ሊገለበጥ የማይችል ፖርትፎሊዮም ይሆናል።

የተለያዩ መስኮች አንድ ላይ መሠልጠናቸውም በዚህ መልክ ጥቅም ያገኛል። የሲቪል ምህንድስና መምህርና የታሪክ መምህር የአንድን ተማሪ ፕሮፖዛል ያንብቡ፤ ሁለቱም ለየብቻ የጥናቱ ጥያቄ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ዓረፍተ ነገሮቹ ካልተገናኙ ፕሮፖዛሉ ጥያቄ የለውም፤ የመስኩ ሰው ይህን በቃላት ብዛት ምክንያት ሊያልፈው ይችላል። ለግሬድ ደግሞ በየትምህርት ክፍሉ ሦስት መምህራን ከዲፌንስ ወቅት በፊት ሁለት ያለፈ ዓመት ጥናቶችን ሳይመካከሩ ያርሙ። ከ10 ነጥብ በላይ የተለያዩባቸውን ክፍሎች ብቻ ይወያዩና መስፈርቱን ያስተካክሉ። አንድ ተኩል ሰዓት ይፈጃል፤ “ያ መምህር ደረቅ ነው፣ ይሄኛው ለጋስ ነው” እየተባለ አማካሪ የሚመረጥበትን ምክንያትም ይቀንሳል።

አንድ ጉዳይ ግን በሥልጠና ብቻ አይፈታም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሕገ ሴኔት የመምህሩ ጊዜ 75 በመቶ ለማስተማር፣ 25 በመቶ ለምርምር ተብሎ ተመድቧል፤ ማማከር ከሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለማዕረግ ዕድገት ደግሞ ትልቁን ክብደት የሚያገኘው የታተመ ጽሑፍ ነው። ጥሬ መረጃ የሚመረምር፣ የቡድን ሰዓቱን የሚያከብር አማካሪ ከማያደርገው እኩል ይታያል። ትምህርት ክፍሎች የማማከር መዝገቡን፣ ማለትም የስብሰባ ቀናትን፣ የተመረመረ መረጃንና የአስተያየት ናሙናዎችን፣ ለዕድገት ከሚቀርቡ የማስተማር ማስረጃዎች ጋር ይቀበሉ።

ኤች.ዲ.ፒ.ን ለማደስ የሚነሣ ዩኒቨርሲቲ ሁሉንም መምህር በአንድ ጊዜ ማስገባት የለበትም። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አማካሪ የሚሆኑት ይቅደሙ፤ የማማከር ክፍሉም ለፕሮግራሙ መጨረሻ ሳይቆይ ፕሮፖዛሎች ከመግባታቸው በፊት ይሰጥ።